«ቶም ማነው?»፦ ለአባቱ ማረፊያ በ«ነጻ» አገናኝ ድርጅት በኩል የፈለገ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ

መነሻ

ይህን ጉዳይ ከቅርብ ሆኜ አይቼዋለሁ። ከቤተሰቡ ጋር ጎረቤታሞች ነን፤ የምንሄደውም አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። በነዚያ ሳምንታት ስልኩ ሲጮህ እዚያው ነበርኩ። ቤቶቹን አብሬያቸው ጎብኝቻለሁ፤ ወረቀቱንም አብረን አንብበናል። እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። የሰዎቹን፣ የድርጅቱንና የቤቶቹን ስም ትቻለሁ። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱ በኛ ነው።

የምጽፈው በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ያለ ብዙ ሐበሻ ቤተሰብ «የደከመ ወላጅ የት ይኑር?» ወደሚለው ጥያቄ እየገባ ስለሆነ ነው። ቀደም ብለው የመጡ ልጆች ወላጆቻቸውን አስመጥተዋል። ወላጆቹ አሁን ሰማንያ እየደፈኑ ነው። ቀኑ ሲደርስ መጀመሪያ የት እንደሚደወል የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ቤተሰቡ

ነገሩ ሲጀምር በ2024 አባትየው 83፣ እናትየው 76 ዓመታቸው ነበር። ትልቋ ልጅ በ1999 አመጣቻቸው። አባትየው አገር ቤት መምህር ነበሩ። እዚህ ከመጡ በኋላ ዲሲ መሃል በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ አስራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ለጡረታና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) የሚጠየቀውን የ40 ሩብ ዓመት ሥራ የሞሉት እዚያች ጠባብ ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው ነው። ጡረታቸው ትንሽ ስለሆነች ኤስኤስአይ (ገቢው ዝቅ ላለ አረጋዊ መንግሥት በየወሩ የሚሰጠው ገንዘብ) ይደጉማታል። በዚያው ምክንያት ባልና ሚስቱ ሜዲኬድም (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) አላቸው። ሁለቱም ዜግነት ወስደዋል።

የሚኖሩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከትልቋ ልጅ ታውን ሃውስ ምድር ቤት ነበር። እሷ ሆስፒታል ላብራቶሪ ትሠራለች፤ ባሏ ሹፌር ነው። ወንዱ ልጅ ዳላስ ነው። ትንሿ አዲስ አበባ ናት።

ችግሩ እንዴት እንደጀመረ

የመርሳት በሽታው ቀስ ብሎ ነው የመጣው። እናትየው ለረጅም ጊዜ ሸፍነውላቸዋል። ሐኪም ሲጠይቅ መልሱን የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ልጅቱ ስትጠይቅ «ሽምግልና ነው፤ ተያቸው» ይላሉ። ከፍቅር የመጣ ነገር ነው፤ ግን ሁለት ዓመት ያህል አባከነ።

በጥር 2024 አንድ ሌሊት፣ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ፖሊስ በሩን አንኳኳ። አባትየውን ያገኛቸው አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ነው። ጋቢ ደርበዋል። እግራቸው ላይ ያለው የሚስታቸው ነጠላ ጫማ ነው፤ ተረከዛቸው ከኋላ ተርፎ በረዶ ላይ ወጥቷል። «ኪዳን ሊያመልጠኝ ነው» ይሉ ነበር ለፖሊሱ፣ በአማርኛ።

በሩ ላይ ደወል ተገጠመ። እናትየው ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልነበራቸውም። በየካቲት አንድ ሌሊት ደወሉ ጮኸ፤ ሊይዟቸው ሲሮጡ ደረጃው ላይ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ኦፕራሲዮን ሆነው ከአምስት ቀን በኋላ ወደ ሪሃብ (ማገገሚያ ተቋም) ተላኩ። ተኝቶ የታከመ ሰው ወደዚያ ሲሄድ ሜዲኬር የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ሙሉ ይከፍላል፤ ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን ደግሞ የጋራ ክፍያ አለው። የእናትየው ነገር በዚህ በኩል ቀለል አለ። ከባዱ የአባትየው ሆነ። ጠባቂያቸው ሆስፒታል ገባች፤ ልጅቱም ሥራ አላት። ለቤተሰብ ሕመም የሚፈቀደውን 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ መቁጠር ጀመረች።

ይሉኝታው

ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ጉዳዩ ሙሉ አይሆንም። በኛ አነጋገር ልጅ የሚወለደው ጧሪ ቀባሪ እንዲሆን ነው። አገር ቤት የአረጋውያን ማዕከል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መቄዶንያን ነው። ትልቅ ሥራ የሚሠራ ቦታ ነው፤ ግን በአእምሯችን የተቀመጠው ጧሪ ላጣ ሰው መጠጊያ ሆኖ ነው። ሦስት ልጅ ያላቸው አባት «ቤት ገቡ» ሲባል ጆሮ አይቀበለውም።

ትንሿ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውላ አለቀሰች። «እኔ ሳለሁ? ላኩልኝ፣ እኔ እጦራቸዋለሁ» አለች። ከልቧ ነው። በቁም ነገርም ተመከረበት። ነገር ግን አንድ ሰው ከአሜሪካ ውጭ 30 ቀን ሲሞላው ኤስኤስአይ ይቋረጣል፤ ሜዲኬርም ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአገር ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። እናትየው ደግሞ ዳሌያቸው ተሰብሮ ተኝተዋል። ሃምሳ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎችን በውቅያኖስ መለየት ማንም አልደፈረም።

ይሉኝታው ሌላም ጉዳት አመጣ። ትልቋ ልጅ ለሰው ሳታማክር፣ በሌሊት፣ በስልኳ ብቻዋን መፈለግ ጀመረች።

«ነጻ» የተባለው አገልግሎት

ፍለጋዋ መጀመሪያ ያመጣላት ቤተሰብን ከአረጋውያን መኖሪያ ቤቶች ጋር የሚያገናኝ ድርጅት ነው። «አማካሪያችን ያለ ምንም ክፍያ ይረዳዎታል» ይላል። ስሟን፣ ስልኳን፣ የአባቷን ሁኔታ ሞልታ ላከች። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነበር።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። የደወለችው አማካሪዋ መስላት ነበር፤ የደወለው ግን አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ነው። ቀጥሎ ሌላ። በሁለት ቀን አስራ አንድ ጥሪ ቆጥረናል። ቅጹን ስትልክ ስልኳ ለቤቶቹ እንዲተላለፍ መፍቀዷ በደቃቃ ጽሑፍ ሰፍሮ ነበር። ሪሃብ ክፍል ውስጥ፣ እናትየው አጠገብ፣ ያ ስልክ ሲጮህ እናትየው «ማነው እንዲህ የሚፈልግሽ?» አሉ። «ከሥራ ነው» አለች።

አማካሪዋ በመጨረሻ ስትደውል ጥሩ ሰው ሆና ተገኘች። ድምፅዋ የረጋ ነው፤ ታዳምጣለች። «አሲስትድ ሊቪንግ»፣ «ሜሞሪ ኬር» እና «ነርሲንግ ሆም» የሚባሉትን ልዩነት ያስረዳችን እሷ ናት። የመጀመሪያው ለአለባበስ፣ ለመታጠብና ለመድኃኒት እገዛ ለሚፈልግ ነው። ሁለተኛው ለመርሳት ሕመምተኛ የተዘጋጀ፣ በሩ የሚቆለፍ ነው። ሦስተኛው የነርስ ክትትል ለሚያስፈልገው ነው።

ቀጥላ ያነሳችው ጥያቄ በጀት ነበር። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተጣመመው። ልጅቱ ስለ ሜዲኬዱ አልተናገረችም። ለአባቷ ገንዘብ የላትም መባሉ ከበዳት። «በወር እስከ ሰባት ሺህ ዶላር እናገኛለን» አለች። በዚያን ጊዜ እሷና ወንድሟ ተጋግዘው ሊሸፍኑት የሚችሉት የዚህን ግማሽ ነበር።

አገናኝ ድርጅቱ በምን እንደሚኖር በኋላ ነው የገባን። አዲስ አበባ ቤት የተከራየ ሰው ደላላን ያውቃል። ደላላው ኮሚሽኑን ከማን እንደሚቀበል፣ ለማን እንደሚያደላ ይገባዋል። እዚህም ያው ነው። ቤተሰቡ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ሰው የገባበት ቤት ነው። ክፍያውም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወር ኪራይ ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ከድርጅቱ ጋር የተዋዋሉ ቤቶች ብቻ ናቸው። ሌላው ደግሞ የባሰ ነው። በሜዲኬድ የሚከፈልለትን ሰው አገናኝቶ ኮሚሽን መቀበልን የፌደራል ሕግ ይከለክላል። በዚህ ምክንያት የሜዲኬድ መንገድ ለእነሱ እንጀራ አይሆንም። ልጅቱ ዝም አለች፤ አማካሪዋም አልጠየቀችም። ቤተሰቡን ይበልጥ የሚመለከተው በር ሳይነካ ታለፈ።

ጉብኝቱ

በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሦስት ቤት ታየ። ቀጠሮውን ሁሉ ያመቻቸችው አማካሪዋ ናት፤ ያን ያህል ፍጥነት እኛ ብቻችንን አናመጣውም ነበር።

የተመረጠው ትልቁ ሕንፃ ነው። መግቢያው ላይ ፒያኖ አለ፤ ትኩስ ብስኩት ይሸታል። ዋጋው በወር 6,400 ዶላር ተባለ። ነርሷ አባትየውን ከመረመረች በኋላ ግን «የእንክብካቤ ደረጃ» የሚባል 1,350 ተጨመረ። ሲገቡ የሚከፈል፣ የማይመለስ 4,000 ዶላርም አለ። በስልክ የተነገረው ቁጥር የኪራዩ ብቻ ነበር።

ልጅቱ ስትደነግጥ አማካሪዋ አንድ ምክር ሰጠች። «ውል አትፈርሙ። መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ ይቆዩ» አለች። በቀን ተከፍሎ ለጥቂት ሳምንት የሚያዝ አልጋ አለ። 260 ዶላር በቀን፣ አስራ አራት ቀን፣ 3,640 ዶላር ሆነ። ወንድምየው ከዳላስ ላከ። ይህ ምክር ቤተሰቡን ከትልቅ ጣጣ አድኖታል። ኮሚሽኗን ሊያዘገይባት የሚችል ምክር መሆኑን ሳስብ ሴትየዋን አከብራታለሁ።

አስራ አራት ቀን

አባትየው መጋቢት አጋማሽ ላይ ገቡ። ዓቢይ ጾም ከተያዘ ሳምንት ሆኖታል።

ሲገቡ የተሞላው ቅጽ «ሃይማኖት» እና «ልዩ ምግብ» የሚሉ ቦታዎች ነበሩት። ልጅቱ በመጀመሪያው «ኦርቶዶክስ»፣ በሁለተኛው «ጨው ያነሰበት» ብላ ጻፈች። ስለ ጾሙ አልጻፈችም። አባቷ የልጆቿን ስም እንኳ እያምታቱ ነው፤ ጾሙን የሚያስታውሱ አልመሰላትም።

በአምስተኛው ቀን ተንከባካቢዋ ኮሪደር ላይ አስቆመቻት። «ቶም ማነው?» አለቻት። «አባትሽ ምግብ ባቀረብንላቸው ቁጥር ቶም፣ ቶም ይላሉ። ወንድምሽ ነው? ይደወልለት?»

ልጅቱ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። አባቷ የሚሉት «ጾም ነው» ነበር።

መዝገቡን ጠይቃ አየችው። በየቀኑ፣ በየማዕዱ፣ «እምቢ አሉ» ተብሎ ተጽፏል። እንቁላል፣ እምቢ አሉ። ዶሮ፣ እምቢ አሉ። እርጎ፣ እምቢ አሉ። የሚበሉት ዳቦና ሙዝ ብቻ ነበር። የልጆቻቸው ስም የጠፋባቸው ሰው ጾማቸው አልጠፋባቸውም።

በዚያው ሳምንት የንስሐ አባታቸው መጡ። «ለሕመምተኛ አይከለከልም፤ ይብሉ፣ እኔ ፈትቼዎታለሁ» አሏቸው። «እሺ አባቴ» አሉ፣ መስቀሉን ተሳለሙ። ከሰዓት በኋላ ረሱት።

ሠራተኞቹ ክፉ አልነበሩም። ከተነገራቸው በኋላ ባቄላና አትክልት ማቅረብ ጀምረዋል። ግን በአስራ አራተኛው ቀን ሲመዘኑ ወደ ሦስት ኪሎ ቀንሰዋል። ማታ ማታም ያለቅሱ ነበር። ምን እንደሚሉ የሚሰማ የለም። የመርሳት ሕመም ሲጠና ብዙ ጊዜ በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ይሄዳል፤ የእናት ቋንቋ ይቀራል። የመኪና ማቆሚያው እንግሊዝኛ ጠፍቶ አማርኛው ብቻ ቀርቷል።

ልጅቱ ወደ አማካሪዋ ደወለች። ሁለት ሌላ ቤት ተሰጣት። ሁለቱም በዋጋም በዓይነትም ከመጀመሪያው የሚመሳሰሉ ናቸው። «አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ያለው ቤት ታውቂያለሽ?» አለቻት። አታውቅም። «ቤቶቹን ገብተሽ አይተሻቸዋል?» አላየችም፤ ያለችው ሌላ ስቴት ነው። ይህ በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ፍለጋ

አባትየው ወደ ቤት ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ልጅቱ ለሰው ተናገረች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት ሶሻል ወርከር አለች። «ካውንቲውን (የአካባቢውን አስተዳደር) ለምን አልጠየቃችሁም?» አለች። ማንም አላሰበውም ነበር።

በመላው አሜሪካ አረጋውያንን የሚመለከት የአካባቢ የመንግሥት ቢሮ አለ። መሠረቱ በ1965 የወጣው የአረጋውያን ሕግ ነው። በሜሪላንድ መግቢያው «ሜሪላንድ አክሰስ ፖይንት» ይባላል። አማካሪዎቹ ከማንም ቤት ኮሚሽን አይቀበሉም። አስተርጓሚም በስልክ ይቀርባል፤ እናትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ባላቸው ሁኔታ በራሳቸው አፍ፣ በአማርኛ፣ ሳይሸፍኑ የተናገሩት በዚያ ስልክ ነው።

ከዚያ የተገኘው ብዙ ነው። አባትየው በሜዲኬድ ዌቨር (ከነርሲንግ ሆም ውጭ ላለ እንክብካቤ ሜዲኬድ የሚከፍልበት ልዩ ፕሮግራም) የወረፋ መዝገብ ገቡ። ይህ ፕሮግራም በአሲስትድ ሊቪንግ ውስጥ ላለው እንክብካቤ ሊከፍል ይችላል፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ሜዲኬድ ይከፍልበት ከነበረ ነርሲንግ ሆም ለሚወጣ ሰው ወረፋውን የሚያልፍበት መንገድ ሕጉ ውስጥ አለ፤ አባትየውን ግን አይመለከትም ነበር። ለእናትየው ደግሞ ዌቨር የማያስፈልገው፣ በሜዲኬድ የሚሸፈን የቤት ውስጥ ረዳት ተጠየቀላቸው። ዳሌያቸው ሲድን ደይ ኬር (የአረጋውያን የቀን መዋያ) እንዲሄዱም ተመዘገቡ።

ቤት ፍለጋውም ተለወጠ። ሜሪላንድ ውስጥ ተራ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ያሉ፣ ጥቂት አልጋ ያላቸው፣ ፈቃድ የተሰጣቸው ትንንሽ ቤቶች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹን የሚያስተዳድሩት ስደተኞች ናቸው፤ ሐበሾችም አሉባቸው። አገናኝ ድርጅቱ ከሰጠን ዝርዝር ውስጥ አንድም አልነበረም።

ሌላ የተማርነው ነገር የቁጥጥር ሪፖርት ማንበብ ነው። ሜዲኬር ለነርሲንግ ሆሞች የሚሰጠው የኮከብ ደረጃ አሲስትድ ሊቪንግን አይጨምርም። አሲስትድ ሊቪንግን የሚቆጣጠረው ስቴቱ ነው፤ ሪፖርቱንም ማየት ይቻላል። ልጅቱ በወደደችው ባለ ስምንት አልጋ ቤት ላይ ከሁለት ዓመት በፊት የመድኃኒት መዝገብ ጉድለት ተገኝቶ ነበር። ልትተወው ነበር። የካውንቲዋ ሴት ግን «ስህተቱን እንዴት እንዳረሙት ጠይቂያቸው» አለቻት። ጠየቀች። የቤቱ ባለቤት ሳትቆጣ የማረሚያውን ዕቅድና አዲሱን መዝገብ አውጥታ አሳየች። እኔም እዚያው ነበርኩ። ፒያኖ የለም፤ ግን ወጥ ቤቱ ክፍት ነው፤ አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛው ላይ ፎሶሊያ እየለቀሙ ነበር።

ሁለት ጊዜ አስቀድመን ሳናስታውቅ ሄድን። አንዱን ማታ በአንድ ሰዓት፣ አንዱን እሑድ ጠዋት። ሌሊት ነቅቶ የሚያድር ሰው እንዳለ፣ በሩ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ነርሷ በየስንት ጊዜ እንደምትመጣ ተጠየቀ። በሜሪላንድ ደንብ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ኃላፊዋ ነርስ በየ45 ቀኑ ነዋሪውን ማየት አለባት። መዝገቡ ተመሳከረ፤ ቀኖቹ ልክ ነበሩ። ቀን ቀን የምትሠራ አማርኛ ተናጋሪ ተንከባካቢም አለች።

ዋጋው በወር 4,500 ዶላር ነው። 800 ከአባትየው ገቢ፣ 1,850 ከትልቋ ልጅ፣ 1,850 ከዳላስ። ውሉ ሲፈረም ፋሲካ አልፎ ነበር።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

አገናኝ ድርጅቱ ቃላቱን አስተማረን፣ ጉብኝቱን አፋጠነ፣ አጭር ቆይታውን መከረ። ገንዘብ ላለው፣ እንግሊዝኛ ለሚናገር፣ የፈረንጅ ምግብ ለሚበላ አረጋዊ ጥሩ መነሻ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ቤተሰብ ግን የሚያስፈልገው ቤት ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ጥሪው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። «ስሜን ከመዝገባችሁ ሰርዙ» ብላ በጽሑፍ እስክትጠይቅ ሁለት ወር ያህል ቀጥሏል።

ትንሹ ቤት ሁሉን ፈታ ማለትም አይደለም። አማርኛ ተናጋሪዋ ተንከባካቢ በአምስተኛው ወር ሥራ ለቀቀች። አባትየው እንደገና መታጠብ እምቢ አሉ፤ አንድ ቀን ሠራተኛ ገፈተሩ። ቤተሰቡ ቤቱን የመረጠው በአንድ ሰው ላይ ተማምኖ እንደነበር ያኔ ታወቀ።

ያዳነው የልጅ ልጅ ሥራ ነው። የአስራ አራት ዓመቷ ልጅ አንድ ወረቀት ላይ ሃያ ያህል የአማርኛ ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈች። ከጎኑ ትርጉሙን፣ ከጎኑ ትንሽ ሥዕል። ውሃ። ሽንት። አመመኝ። በረደኝ። ልሂድ። የመጀመሪያው መስመር ጾም ነው። ወረቀቱ በላስቲክ ተሸፍኖ አልጋቸው አጠገብ ተለጠፈ። ሠራተኞቹ አሁን «አባባ፣ ውሃ?» ይላሉ። እሳቸውም ይመልሳሉ።

ገንዘቡ ላይም አንድ ስህተት ነበር። ልጆች ለወላጅ የመኖሪያ ወጪ ሲከፍሉ ኤስኤስአዩ ሊቀንስ ይችላል፤ ማሳወቅም ግዴታ ነው። ቤተሰቡ ይህን ያወቀው ከወራት በኋላ ነው። የተከፈለው ትርፍ በየወሩ እየተቆረጠ ተመለሰ።

ለሌላ ቤተሰብ

ከሁሉ በፊት የሚለየው ማን እንደሚከፍል ነው። ከኪስ ነው? ከሜዲኬድ ነው? ይህ ካልተለየ የተሳሳተ በር ነው የሚንኳኳው። ሜዲኬር የአሲስትድ ሊቪንግ ኪራይ አይከፍልም፤ ብዙ ሰው ይከፍላል ብሎ ያስባል። በሜዲኬድ የሚኬድ ከሆነ የመጀመሪያው ስልክ ለካውንቲው ይሁን። በየትኛውም ስቴት ያለ ሰው የአካባቢውን ቢሮ በነጻ የሚጠቁመው አገር አቀፍ መስመር «ኤልደርኬር ሎኬተር» ይባላል። በጀቱንም እውነቱን መናገር ነው። አማካሪዋ ፊት የታፈረው እፍረት ቤተሰቡን 3,640 ዶላርና የአባትየውን ሦስት ኪሎ አስከፍሎታል።

አገናኝ ድርጅት የሚጠቀም ሰው በመጀመሪያው ጥሪ ላይ ይጠይቅ። ማን ይከፍልሻል? ስንት? ዝርዝርሽ ውስጥ የሌሉ ፈቃድ ያላቸው ቤቶች በአካባቢያችን አሉ? የምትመክሪያቸውን ቤቶች ገብተሽ አይተሻል? የዋሽንግተን ስቴት (ሲያትል ያለበት ማለቴ ነው) በ2011 ባወጣው ሕግ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ክፍያቸውን ለቤተሰቡ እንዲገልጹ ያስገድዳል። ሕግ በሌለበት ቦታ መጠየቅ የቤተሰቡ ፋንታ ነው። ዋናው ስልክ ቁጥርም አይሰጥ፤ ለዚህ ብቻ የሚሆን ኢሜይል ይከፈት።

ዋጋ ሲነገር ነርሷ ከመረመረች በኋላ ያለውን ሙሉ ቁጥር በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ኪራይ፣ የእንክብካቤ ደረጃ፣ የመግቢያ ክፍያ፣ ዋጋው በዓመት ስንት ጊዜ ሊጨምር እንደሚችል። ከተቻለ አጭር ቆይታ ይቅደም።

የኛ አረጋውያን ጉዳይ ላይ ደግሞ «ረስተውታል» ብሎ መተው አይገባም። ጾም፣ ጸሎት፣ እጅ መታጠብ፣ ከወንድ ወይም ከሴት ተንከባካቢ ጋር ያለው እፍረት፣ ሁሉም ወረቀት ላይ ይጻፍ። በሽታው ምኑን እንደሚወስድ፣ ምኑን እንደሚተው አስቀድሞ አይታወቅም።

በአገር ቤት በስማቸው ቤት ወይም መሬት ላላቸው ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ቤተሰብ ንብረቱን ሸጦ ስለመጣ አልገጠመውም፤ ግን ሲመከር ሰምቻለሁ። «ቶሎ ስም እናዛውር» የሚል ሐሳብ አደገኛ ነው። ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ ሜዲኬድ ሲጠየቅ ወደኋላ 60 ወር የተላለፈ ንብረት ይታያል። ከፊርማ በፊት ጠበቃ ይጠየቅ። ካውንቲዎች አረጋውያንን በነጻ ወደሚያማክሩ ጠበቆች ይመራሉ።

ቤቱ ከተገባም በኋላ ቅሬታ ካለ በየስቴቱ የነዋሪዎች እንባ ጠባቂ አለ። አገልግሎቱ ያለ ክፍያ ነው። እኛ የደወልንላቸው ተንከባካቢዋ የለቀቀች ጊዜ ነው። መጥተው አባትየውን አዩ፣ ከቤቱ ባለቤት ጋር ተነጋገሩ፤ የመታጠቢያ ሰዓቱ ከማታ ወደ ጠዋት ተዛወረ። በዚያ ብቻ ነገሩ ግማሽ በግማሽ ቀለለ።

አሁን ያሉበት

እናትየው በምርኩዝ ይሄዳሉ። በሳምንት አራት ቀን ደይ ኬር ናቸው፤ እዚያ አማርኛ የሚናገሩ ጓደኞች አፍርተዋል። ማክሰኞና ቅዳሜ ባላቸው ዘንድ ይውላሉ። ምስርና ሽሮ በትንንሽ ዕቃ ሠርተው፣ አቀዝቅዘው፣ ቀኑን በላዩ ጽፈው ይወስዳሉ። የቤቱ ባለቤት ለዚህ የማቀዝቀዣውን አንድ መደርደሪያ ለቃላቸዋለች።

የአዲስ አበባዋ ልጅ በየቀኑ በቪዲዮ ትደውላለች። አባቷ አንዳንዴ እህታቸው ትመስላቸዋለች። አትቃወማቸውም።

የዌቨሩ ወረፋ አልደረሰም። ቤቱ ዋጋውን በ200 ዶላር ጨምሯል፤ ሁለቱ ልጆች እኩል ተካፍለውታል። ትልቋ ልጅ በየስድስት ወሩ ወደ መዝገቡ ደውላ ስማቸው እንዳለ ታረጋግጣለች። ቀጣዩ ጥሪ ግንቦት ላይ ነው።